ረኃብ በነበረበት ዓመት ስለ ተደረገው ምርጫ

ተማሪዎቼ ለፈተና ዝግጅት ብለው በቴሌግራም የሚቀባበሉትን ማስታወሻ ዛሬ ስመለከት «በንጉሡ ዘመን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም» የሚል ቃል ስላገኘሁና፣ የሊቃውንት መፍለቂያ በሆነችው በጎጃሟ ዲማ ታሪክ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ሐሰት በልጆች ልቡና ሲዘራ አይቶ ዝም ማለት ስለማይገባው፣ ይህን ፈጥኜ ጻፍሁ።

1ኛ/ በንጉሡ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1950 እስከ 1965 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች አምስት ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠዋል።

2ኛ/ አምስተኛው ምርጫ የተደረገው በሰኔ 1965 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ የወሎ ገበሬ ዝናም ተከልክሎ፣ ከብቱ አልቆ፣ ቤቱን እየዘጋ ወደ አውራ ጎዳናው ይወጣ ነበር።

3ኛ/ የተራበው ሰው ድምፅ ከመስጠት አልተከለከለም፤ መመረጥ ግን አይችልም ነበር። ሕጉ ዕጩው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ያስገድድ ነበርና፣ በሬውን ሸጦ እህል የሸመተ ድኻ ስለ ገዛ ረኃቡ በምክር ቤት ቆሞ ይናገር ዘንድ በሩ ተዘግቶበት ነበር። ይህን አንቀጽ በአንድም የተማሪ ማስታወሻ ተጽፎ አላየሁም፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ፓርቲ ስላልነበረ ዕጩው የሚቀርበው በሀብቱና በስሙ ነበር፤ ሚኒስትሮችን የሚሾምና የሚሽርም ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ መራጩ ሕዝብ አልነበረም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ ያጣው ሕዝብ ሁቨርን ሽሮ ሩዝቬልትን ሾመ፤ የወሎ መራጭ ግን ድምፁን ሰጥቶ ሲመለስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያው አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ።

የእኛ የጎጃም ገበሬ የምርጫ ድምፅ ሹም እንደማይሽር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እንደራሴዎቹ በ1960 ዓ.ም. ያጸደቁትን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ በተነሣ ጊዜ፣ ጦር ዘምቶበት፣ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎበት፣ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሥተው ውዝፍ ግብሩ የተማረለት በምርጫ ካርድ አይደለም። የጭሰኛና የባለ መሬት ውል ረቂቅ ሕግም በዚያው ምክር ቤት እንደ ተንከባለለ ሳይጸድቅ ቀረ።

የአውራጃችንን የምርጫ መዝገብ ለማየት መዝገቡ ይገኝበታል ወደ ተባለ መሥሪያ ቤት ብሄድ ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ፤ ደብዳቤውን ባመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ። መዝገብ ለትቢያ ተትቶ ልጆች ከየት ይማሩ?

ስለዚህ በዲማና በቢቸና የምትኖሩ አባቶችና እናቶች፣ የ1965ቱ የምርጫ ካርድ ወይም የዕጩዎች ማስታወቂያ በቤታችሁ ካለ አሳዩኝ፤ ፎቶ አንሥቼ ወዲያው እመልሳለሁ። እናንተም ተማሪዎቼ፣ ያን ማስታወሻ ለሌላ አታስተላልፉ።