መረጃ ያካፈለ ለምን ይቀጣል?

የዛሬው ዝግጅታችን ተመራማሪዎች ያገኙትን መረጃ ለሁሉም ክፍት ስለማድረጋቸው ነው። «ይህ የምሁራን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱን ሁላችንም ካለፍንበት የኮሮና ዘመን እናገኘዋለን።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 መጀመሪያ ላይ ቻይናዊው ፕሮፌሰር ዣንግ ዮንግዠንና ባልደረቦቻቸው ከአንድ የዉሃን ታማሚ ናሙና ተቀብለው የአዲሱን ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል አነበቡ። ይህን 30,000 ገደማ ፊደላት እንዳሉት ጽሑፍ ቁጠሩት። ጃንዋሪ 11 ቀን አውስትራሊያ በሚሠሩት ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ሆልምስ በኩል በኢንተርኔት ለማንም በነፃ ተለቀቀ። ይህ ምን ጠቀመ? የክትባት ባለሙያዎች ቫይረሱ ራሱ ከአገር አገር እስኪጓጓዝ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ ጽሑፉን ይዘው ሥራ ጀመሩ። ሞደርና የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክትባቱን በሁለት ቀናት ውስጥ ነደፈ። ማርች 16 ቀን ደግሞ በፈቃደኛ ሰው ላይ መሞከር ተጀመረ።

መረጃው በተለቀቀ ማግስት ግን የፕሮፌሰር ዣንግ ላቦራቶሪ «ለማስተካከያ» በሚል እንዲዘጋ መታዘዙ ተዘገበ።

ወደ አህጉራችን እንምጣ። በኖቬምበር 2021 የቦትስዋናና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ኋላ ኦሚክሮን የተባለውን ዝርያ አግኝተው ሳይደብቁ ለዓለም አሳወቁ። ምላሹ ምን ሆነ? በቀናት ውስጥ በርካታ አገሮች ከደቡባዊ አፍሪካ ለሚመጡ መንገደኞች በራቸውን ዘጉ። ዝርያው ግን ቀደም ብሎ በተወሰዱ የኔዘርላንድ ናሙናዎች ውስጥም እንደነበረ በኋላ ታወቀ። ቀድሞ የተናገረው እንደ በሽታው ምንጭ ተቆጠረ ማለት ነው።

ውድ አድማጮች፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እውነት የተናገረ ከተቀጣ፣ ነገ ሌላው ዝም ይላል። የዝምታው ዋጋ ደግሞ በሰው ሕይወት ይከፈላል።

ክፍት መረጃ ሲባል የሰው ገመና ይውጣ ማለት አይደለም። የታማሚው ስምና አድራሻ አማና ነው፤ ሊጠበቅ ይገባል። ለሁሉም ሊደርስ የሚገባው ስለ በሽታው የተገኘው እውቀት ነው።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? አንድ የጤና ወሬ ስንሰማ «መረጃው ከየት ተገኘ? ሌሎችስ መርምረውታል?» ብለን እንጠይቅ። ክፉ ዜና ቀድሞ ያሳወቀንንም አንውቀሰው፤ እናመስግነው።