መርፌው ሲቆም የሚመጣው ድብርት

ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር ኢትዮጵያን የሚረግጠው በሲቲ ዞኗ ደወሌ ነው፤ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዘው ከባድ መኪናም እንዲሁ። ወደ ጅግጅጋ የሚያመራው የበርበራ ዕቃ ደግሞ በቶጎ ውጫሌ በኩል ያልፋል። ኬላ ላይ ኮንቴይነር ይፈተሻል። ኪስ ውስጥ የምትገባ የ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ማግኘት ግን የትም አገር ድንበር ላይ ከባድ ነው። ብረት የሚያነሱ ወንዶች ጡንቻቸውን ቶሎ ለማሳደግ የሚወጉት አናቦሊክ ስቴሮይድ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ያለች ብልቃጥ ነው። ጉበትና ልብ እንደሚጎዳ ብዙ ሰው ሰምቷል። በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው፣ በተለይ ደግሞ ከቆመ በኋላ የሚያደርሰው፣ እምብዛም አይወራም።

አናቦሊክ ስቴሮይድ የሚባለው ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞንና በቤተ ሙከራ የተሠሩ ዘመዶቹ ናቸው። ቴስቶስትሮን በቤተ ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ ሰውነታቸው ሆርሞኑን ለማያመርት ወንዶች ዛሬም በሐኪም ይታዘዛል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የጤነኛ ወንድ ሰውነት በቀን ከ3 እስከ 10 ሚሊ ግራም ያመርታል። ብልቃጡ ላይ 250 የሚል ቁጥር ካለ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ቅባት ውስጥ 250 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። አንድ መርፌ የሳምንታትን ምርት በአንድ ጊዜ ያስገባል፤ ብዙዎች ደግሞ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይወጋሉ፣ ሌላ ዓይነትም ይደርቡበታል።

ለአስም ወይም ለአለርጂ የሚታዘዙት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞንም ስቴሮይድ ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን ፍጹም ሌላ ነው። ሐኪም ያዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ ኪኒኑን በድንገት እንዳያቋርጥ።

አናቦሊክ ስቴሮይድ የወሰደ ሁሉ ቁጡ ይሆናል የሚባለው እውነት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሐሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት እስከ 600 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ከወሰዱት 50 ወንዶች 42ቱ ላይ ይህ ነው የሚባል የባሕርይ ለውጥ አልታየም። 6ቱ ላይ መጠነኛ፣ 2ቱ ላይ ግን ከባድ የማኒያ ምልክት ታየ። ማኒያ ማለት ሁለት ሰዓት ተኝቶ እንደ ጠገበ መነሳት፣ ያለ ልክ በራስ መተማመን፣ ገንዘብ መበተን፣ በትንሽ ነገር መደባደብ ነው። ማን እንደሚያገኘው አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ በጂም የሚወሰደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ600 በላይ ነው። በጅግጅጋና በአካባቢዋ ይህ ላይ ጫት ሲጨመርበት የበለጠ ያስፈራኛል። ጫት እንቅልፍና ምግብ ይነሳል፤ ሐርጌሳ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም አብዝቶ መቃምን ከአእምሮ መታወክ ጋር አያይዘውታል።

ትልቁ አደጋ ግን መርፌው ሲቆም ነው። አንጎል ደም ውስጥ ሆርሞን እንደ ተትረፈረፈ ሲያውቅ ለዘር ፍሬዎች የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። የዘር ፍሬዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ ይሟሽሻሉ። ከዚያ ተጠቃሚው ገንዘብ ሲያልቅበት ወይም ሲፈራ ያቋርጣል። ከውጭ የሚገባው የለም፤ ከውስጥ የሚመረተውም ገና አልተነሳም። ይህ ባዶነት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይዘልቃል። ጉልበት ይከዳል፣ የወሲብ ፍላጎት ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ ተስፋ ይቆረጣል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣባቸውም አሉ። ያን ሁሉ የከፈለበት ጡንቻ ደግሞ ዓይኑ እያየ ይቀንስበታል። ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ መርፌ የጀመሩት ፈርጥመው ሳለ በመስታወት ቀጭን ሆነው ስለሚታዩአቸው ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ሲሆን፣ በሙቀት ሰፊ ጃኬት ለብሶ ሰውነቱን የሚደብቅ ስፖርተኛ ካያችሁ ምናልባት ይህ ሕመም ይዞት ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ከድብርቱ ለመውጣት የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ተመልሶ መወጋት። ከተጠቃሚዎቹ 30 በመቶ ያህሉ ጥገኛ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው ኀፍረት ነው። መርፌው የወንዴ ዘር ምርትን ስለሚያደርቅ ያገባ ሰው ልጅ ሊዘገይበት ይችላል፤ መጀመሪያ የምትጠየቀውና የምትመረመረው ግን ሚስት ናት። ባል ምክንያቱን እያወቀ ዝም ሲል በሁለቱም ላይ በደል ይሠራል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከል ስለሆነ ቀድሞ መናገሩ ለራሱም ይበጀዋል።

ለማቆም የሚፈልግ ሰው ብቻውን ባያደርገው ይሻላል። ጅግጅጋ ላይ ካራማራ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሼህ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል መነሻ ይሆናሉ። ከደወሌ የሚነሳ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ይደርሳል። ሐኪም ፖሊስ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የመጨረሻው መርፌ ቀን፣ ጫቱም ሳይቀር ይነገረው። ድብርቱም የተስተጓጎለው ሆርሞንም ሕክምና አላቸው። መርፌ ወይም ብልቃጥ ከጓደኛ ጋር የተጋራ ሰው የሄፓታይተስ ቢ እና የኤችአይቪ ምርመራ ይጠይቅ።

ልጁ ሲረበሽ ቁርኣን የሚያስቀሩለት ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ይቅራለት፤ ሕክምናው ግን በዚያ ምክንያት አይዘግይ። እናት ወይም ታላቅ ወንድም ሆናችሁ የምትከታተሉት ከሆነ፣ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀውን ነገር ለመናገር መንገድ ይከፍታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ በዚያው ቀን ወደ ዘመድ ቤት ይወሰድ፤ ልጁን ደግሞ ሳታሳድሩ ሆስፒታል አድርሱት።