በዓሉ ግርማ፦ ከአዘጋጅነት ወንበር እስከ «ኦሮማይ»

በዓሉ ግርማ በአንባቢ ልብ የቀረው በልብ ወለዶቹ ነው። እንጀራው ግን ጋዜጠኝነት ነበር። የ«አዲስ ሪፖርተር» እና የ«መነን» መጽሔቶች፣ የእንግሊዝኛው «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ» እና የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጦች በተለያየ ጊዜ በእሱ አዘጋጅነት ታትመዋል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም የአገሪቱን ዋና ዋና ኅትመቶች የመራ ሰው በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም።

የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለች ቦታ ነው። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ የአካባቢው ተወላጅ ኦሮሞ ነበሩ። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትንና የፖለቲካ ሳይንስን አጥንቶ ተመለሰ።

ይህ አመጣጥ ቀላል ነገር አይደለም። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ደብረ ኤልያስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀስመዋል፤ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም የዚያው የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። በዓሉ የቅኔ ቤት ደጃፍ አልረገጠም። አማርኛው የከተማ፣ የቢሮና የቡና ቤት አማርኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ንግግሩ ሰው አፍ ላይ እንዳለ ይሰማል። ይህን ያወረሰው የዜና ክፍል ነው ብሎ መናገር ስሕተት አይሆንም። ቦታ ቆጥቦ፣ ሰዓት ጠብቆ መጻፍ የለመደ እጅ በልብ ወለዱም ውስጥ ይታያል።

የአዘጋጅነቱ ወንበር ግን የመንግሥት ወንበር ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመናገርና የመጻፍ ነጻነትን በሕግ ወሰን ውስጥ ቢፈቅድም፣ ጋዜጦቹ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ንብረት ነበሩ፤ ሳንሱርም ነበረ። ዋና አዘጋጁን የሚሾመውም የሚሽረውም ያው አሳታሚ መንግሥት ነው። ጋዜጣውን ገዝቶ የሚያነበው ሕዝብ ደግሞ ስለ ኑሮው እውነቱን ይጠብቃል። አዘጋጁ በሁለቱ መካከል ቆሞ ምን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚቀር፣ ምን ደግሞ ተሸፍኖ እንደሚነገር በየቀኑ ይወስናል። ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ የ«ዘ ወርልድ» ጋዜጣ አዘጋጅ ፐርሲ ቆቦዛ እ.ኤ.አ. በ1977 ጋዜጣው በታገደበት ቀን ታስሯል። ልዩነቱ ቆቦዛ የሚጋፈጠው ከውጭ የቆመ መንግሥትን መሆኑ ነው፤ በዓሉ ግን የሚሠራው በዚያው መንግሥት ቤት ውስጥ ነበር።

በዓሉ በጋዜጣ ለመናገር ያልቻለውን በልብ ወለድ ተናገረ። በ1962 የወጣው «ከአድማስ ባሻገር» በቢሮ ሥራና በሥዕል ፍቅር መካከል የሚናወጠውን የአበራ ወርቁን ታሪክ ይዟል፤ የተማረው ትውልድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲደርቅ የሚያሳይ ነው። በ1966 «የህሊና ደወል» ተከተለ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ አብዮቱ የዘውዱን መንግሥት ጥሎ ወታደራዊው ደርግ ሥልጣን ያዘ።

አብዮቱ በዓሉን ከሥልጣን አላራቀውም። እንዲያውም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍ እያለ ሄዶ ቋሚ ተጠሪ ሆነ፤ ይህም ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለ ሹመት ነው። በ«የቀይ ኮከብ ጥሪ» ልብ ወለዱ የአብዮቱን ዘመን ጻፈ። የደርግ ሥርዓት ድምፅ በሆነ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ኃላፊ መሆኑ በሐቀኝነት መነገር አለበት፤ ጀግናን ለማጥራት ሲባል የሚቆረጥ የሕይወት ክፍል አይደለም። በኋላ የሆነው ነገር ክብደት የሚያገኘውም ከዚህ ነው።

በ1974 ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ሲከፍት በዓሉ አሥመራ ዘምቶ በፕሮፓጋንዳው ሥራ ተሳተፈ። የዘመቻው ወታደራዊ ዓላማ፣ በተለይ የአማፅያኑ ምሽግ የነበረችው የናቅፋ መያዝ፣ አልተሳካም። በዓሉ ያየውን ይዞ ተመለሰና በ1975 «ኦሮማይ»ን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል አወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም እንደ ደራሲው ለፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። በልብ ወለዱ የተሳሉትን ባለሥልጣናት አንባቢ ወዲያው ለያቸው፤ የዘመቻው ክሽፈትም በግልጽ ተጽፏል። መጽሐፉ በቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ቀድሞ የተሸጡት ቅጂዎች ግን ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ዞሩ።

የካቲት 6 ቀን 1976 በዓሉ በመኪናው ከቤት ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናው ተጥሎ ተገኘ፤ አስከሬኑ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በመንግሥት የጸጥታ ሰዎች እንደተገደለ በሰፊው ይታመናል። ደርግ ከወደቀ በኋላ «ኦሮማይ» በነጻነት እየታተመ ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ላይ ወጥቷል።

ስለ ደራሲው በዓሉ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አዘጋጁ የተጻፈው ግን ከሥራው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። በእጁ ያለፉት ጋዜጦችና መጽሔቶች በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋዜጠኝነትና ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ወጣቶች የመመረቂያ ርዕስ ሲፈልጉ እነዚያን ጥራዞች ከፍተው ርዕሰ አንቀጾቹን ቢያነቡ፣ የአንድ ሰው ሕይወት ግማሽ ገና ሳይጻፍ እንደቆየ ያገኙታል።