ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፦ ስለ ጠንካራ ውኃ



በመርካቶ ጭድ ተራ ከሚኖሩ ምእመናን ጋር ስለ ቤት ንጽሕና በተወያየን ቁጥር አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። «ውኃውን ስናፈላው ነጭ ነገር ይወጣዋል፤ ታዲያ ባናፈላው አይሻልም?» ይሉናል። አንዳንድ እናቶች በዚህ ምክንያት ማፍላቱን ትተዋል፤ ሌሎች ደግሞ የታሸገ ውኃ ለመግዛት ከዕለት ጉርሳቸው ይቀንሳሉ። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነጩ ነገር ምንድን ነው?

የዝናብ ውኃ ማዕድኑ እጅግ ጥቂት ነው። ወደ ምድር ሰርጎ በአለት መካከል ሲያልፍ ግን ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት እያሟሟ ይወስዳል። እነዚህ የበዙበት ውኃ ጠንካራ ውኃ ይባላል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የተጠራቀመ የወራጅ ውኃ፣ ከአቃቂና ከሌሎች ሥፍራዎች ደግሞ የጉድጓድ ውኃ ታገኛለች። የጉድጓዱ ውኃ በአለት ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ በአብዛኛው ማዕድኑ ይበዛል። በእሳት ሲፈላ ካልሲየሙ ከውኃው ተለይቶ፣ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቅርፊት ሠርቶ በዕቃው ላይ ይጋገራል። እንግዲህ ማፍላት በውኃው የነበረውን ገለጠው እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረበትም። ካልሲየም ለአጥንትም የሚያስፈልግ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለውኃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር የከለከለው መጠን የለም።

ጉዳቱ በኪስ ላይ ነው

ጠንካራ ውኃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ በአረፋ ፈንታ ዝቃጭ ይሠራል፤ ሳሙና ያባክናል፤ ነጠላውንም እያደር ያደበዝዘዋል። በማሞቂያ ላይ የተጋገረው ቅርፊት ሙቀቱን ስለሚያግድ መብራትና ከሰል ይፈጃል። ባቄላና ሽምብራም በጠንካራ ውኃ ቶሎ አይበስሉም፤ ይህም በጾም ወራት በየቤቱና በየሰንበቴው የሚታይ ወጪ ነው።

ምን እናድርግ?

፩. ውኃውን ለመፈተን የሳሙና ፍርፋሪ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ጨምሮ መነቅነቅ፣ በዝናብ ውኃም እንዲሁ አድርጎ ማስተያየት ነው። አረፋው ካነሰና ውኃው ከደፈረሰ ጠንካራ ነው።

፪. ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ሎሚ ወይም አቼቶ በውኃ ቀላቅሎ በዕቃው ውስጥ ማፍላት፣ ጥቂት አቆይቶም ማጠብ ይበቃል።

፫. ለጥራጥሬ ፈልቶ የጠለለውን ውኃ ከላይ ቀድቶ መጠቀም፣ ለልብስ እጥበት ደግሞ በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ማጠራቀም ይጠቅማል።

፬. ማፍላቱን አለመተው። መርካቶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የጠለለውንም ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል።

የማይታየው ይበልጥ ያሰጋል

ቧንቧ ሲጠፋ ውኃ በጀሪካንና በበርሜል ይቆያል። ተቅማጥ የሚያመጡት ተሕዋስያን በዚያ ሲገቡ መልክም ጣዕምም ላይለውጡ ይችላሉ። በስምጥ ሸለቆ ላሉ አጥቢያዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ በዚያ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ ሳሙናን ጥሩ ያስረፋል፤ ሆኖም ጥርስን ያበላሻል፤ ሲብስም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድን ማፍላት አያስወግደውም፤ መጠኑ የሚታወቀውም በምርመራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ለውኃ ማጣሪያ ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት ውኃውን ቢያስመረምሩ፣ ካህናት አባቶችም ከቅዳሴ በኋላ ይህን ለምእመናን ቢያስረዱ መልካም ነው። ነጩን ቅርፊት ፈርታ ማፍላት የተወች አንዲት እናት ወደ ማፍላቱ ብትመለስ፣ ልጆቿ ከበሽታ ይጠበቃሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።