በሩን አስቀድማችሁ አስቡ
ስለ ቤታችን አጥርና በር ለባልና ሚስት የቀረበ ምክር



ቤት ሠርቶ የገባ ቤተሰብ ከጣሪያው ቀጥሎ የሚያሳስበው አጥሩ ነው። ብዙ ባልና ሚስት ግን ስለ ሳሎኑ ቀለም ሳምንት ሙሉ ሲወያዩ ስለ አጥሩ አንድ ምሽት እንኳ አይነጋገሩም። ባል ግንበኛ ይጠራል፤ ግንቡ ይቆማል። ሚስት ሥራው ካለቀ በኋላ «የጎረቤታችን ልጆች ከእንግዲህ በየት ሊመጡ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ያኔ ጥያቄው ዘግይቷል፤ ሲሚንቶው ደርቋል።

አጥር የግንበኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ማንን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚቀበል፣ ገንዘቡንም እንዴት እንደሚያስተዳድር ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከአጥሩ በፊት በሩን አስቡ። አጥር የሚሠራው ለመጠበቅ ነው፤ በር የሚሠራው ግን ሰው እንዲገባ ነው። በደጃችሁ ማን እንዲገባ እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ፣ ምን ዓይነት አጥር እንደሚያስፈልጋችሁ መወሰን አይከብዳችሁም።

1. ከነህምያ እንማር

ነህምያ ኢየሩሳሌም እንደ ደረሰ ሥራ አልጀመረም። በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥርና በእሳት የተቃጠሉትን በሮች ዞሮ አየ (ነህ. 2፥12-15)። ምዕራፍ 3ን ስታነቡ ሥራው በበሮቹ ስም ተከፋፍሎ ታገኙታላችሁ፤ የተጀመረውም ከበጎች በር ነው። ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን አደሱ። ሰሎም የተባለው አለቃም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ (3፥12)። አጥር የቤተሰብ ሥራ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ (6፥15)። ነገር ግን በሥራው መካከል ምዕራፍ 5 አለ። በዚያ ምዕራፍ ድንጋይና ጭቃ የለም፤ ያለው የዕዳ ጩኸት ነው። ሰዎች እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ተበድረው ነበርና ነህምያ ስለ ቅጥሩ ከማሰብ ወደ ወንድሞች ዕዳ ዞረ። ውጭው በግንብ ተጠብቆ ውስጡ በዕዳ የፈረሰ ቤት፣ ያልታጠረ ቤት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

2. አጥሩ ማንን ይጠብቃል?

ብዙዎቻችን አጥር ስንል ሌባን እናስባለን። በዘዳግም 22፥8 እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዘዘው ግን ስለ ሌባ አይደለም፤ ሰው ከዚያ ወድቆ እንዳይሞት ነው። የእግዚአብሔር አሳብ ለሌላው ሰው ደኅንነት ነው።

እንግዲህ በዚህ ዓይን አጥራችሁን ተመልከቱት። በግንቡ ጫፍ የተተከለው የጠርሙስ ስባሪ መጀመሪያ የሚቆርጠው ማንን ነው? ብዙ ጊዜ ኳሱን ሊያወጣ የወጣውን ሕፃን ነው። በስምጥ ሸለቆ የምንኖር ደግሞ ሌላ ነገር እናስብ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዳማና አዲስ አበባ ተሰምቷል። ፌሮ የሌለው ረጅም ግንብ ቢወድቅ፣ የሚወድቀው በውስጥ በሚጫወቱት ልጆቻችን ወይም በውጭ በሚያልፈው መንገደኛ ላይ ነው።

3. አጥር ስትመርጡ

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ፣ በሐላባ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ በኮፈሌና ዶዶላ ወደ ባሌ የሚሄደው ሁሉ በዚህች ከተማ ያልፋል። ከየአቅጣጫው የመጣው ሰውም የአጥር ልማዱን ይዞ መጥቷል። እሾህ የሚያጥር አለ፣ ቀርከሃ የሚያቆም አለ። በጃማይካ ሰፈር ደግሞ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ የተቀቡ በሮች ታያላችሁ። ለሁሉም የሚሆን አንድ አጥር የለም፤ ለእናንተ አቅምና ቦታ የሚስማማውን ምረጡ።

የተክል አጥር። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጥድ በየጊዜው ከተከረከመ ደርቶ ያምራል። ቅንጭብ ቶሎ ይይዛል፣ ድርቅም ይችላል። ነገር ግን ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ለጊዜው ማየትም ሊከለክል ይችላል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ አልመክረውም። የተከላችሁት ካለ ልጆች አጠገቡ እንዳይጫወቱ፣ የሚቆርጠውም ሰው ዓይኑን እንዲሸፍን አድርጉ። ወተቱ ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ባሕር ዛፍን በግንብና በጉድጓድ አጠገብ አትትከሉ፤ ሥሩ ውኃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል።

የእንጨት አጥር። አጣና ቶሎ ይቆማል፤ ጠላቱ ምስጥና እርጥበት ነው። መሬት የሚገባውን ጫፍ ለብለብ ማድረግ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ዕድሜውን ይጨምራል።

ቆርቆሮ። ፈጥኖ ይጋርዳል። ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። 28 ጌጅ ከ35 ጌጅ ይጠነክራል። ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ማገሩን አታሳሱት። የቆርቆሮው ጫፍ መሬት ከነካ ከታች ይዝጋልና ትንሽ ከፍ ይበል።

ብሎኬት። ዘላቂ ነው፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። የድንጋይ መሠረት፣ በየ3 ሜትሩ ገደማ ፌሮ ያለው ኮለን ይፈልጋል። ግንበኛው በቱንቢና በውኃ ልክ ይሥራ፤ በዓይን ግምት የቆመ ግንብ ዝናብ ሲጠግብ ያዘማል። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ከግርጌው የውኃ ማሳለፊያ ቀዳዳ ይተውለት። መውጫ ያጣ ጎርፍ ግንቡን ገፍቶ ይጥላል፣ ወይም ወደ ጎረቤታችሁ ቤት ይዞራል።

ከታች ግንብ፣ ከላይ ብረት። ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ግንብ ሠርቶ ከላይ የሚያሳይ ብረት ማድረግ ነው። «ሌባ ያየናል» ብለን እንፈራዋለን። ነገር ግን ድፍን ግንብ ዘሎ የገባ ሌባ ከጎረቤት ዓይን ተሰውሮ ያሻውን ይሠራል፤ የሚያሳይ አጥር ግን ጎረቤትን ሁሉ ዘበኛ ያደርገዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተካሄደባቸው መንገዶች የሚያሳዩ አጥሮች በድፍን ግንብ ቦታ ተተክተዋል፤ ልማቱም ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል። ቤታችሁ በዋና መንገድ ዳር ከሆነ ገንዘባችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት የመንገዱን ድንበርና የሚፈቀደውን የአጥር ዓይነት ከከተማው አስተዳደር ጠይቁ።

4. ቁጭ ብላችሁ አስሉ

ጌታ ኢየሱስ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። «በእምነት እንጀምረው» ማለት ሳያሰሉ መጀመር ማለት አይደለም። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ አብረን እናስላ።

ቦታችሁ 10 በ20 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 60 ሜትር ነው። ለመኪና በር 3 ሜትር፣ ለእግረኛ በር 1 ሜትር ስትቀንሱ 56 ሜትር ይቀራል። ከፍታው 2 ሜትር ከሆነ 112 ካሬ ሜትር ግንብ ይሆናል። 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ተኩል ስለሚገባ 1,400 ብሎኬት ያስፈልጋችኋል። ለሚሰበረው ከመቶ 5 ብትጨምሩ 1,470 ይሆናል። ከፍታውን ወደ 1 ሜትር ብታወርዱ ብሎኬቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር በከተማችሁ የዕለቱ ዋጋ አባዙት። ከዚያ መሠረቱን፣ ሲሚንቶውን፣ ፌሮውን፣ በሩንና የሠራተኛውን ዋጋ ጨምሩ።

ድምሩ የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚነካ ከሆነ በደረጃ ሥሩት። ዘንድሮ በሩንና የፊቱን፣ ለከርሞ የጎኑን፣ ከኋላ ተክል ይቆይ። ፊቱን ብቻ ለማሳመር ተበድሮ ማታ ማታ በዕዳ ከመጨቃጨቅ ይህ ይሻላል። የግንበኛውንና የበያጁን ደመወዝም በቀኑ ክፈሉ፤ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል (ያዕ. 5፥4)።

5. የበሩ ነገር

ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን በርን «ባልባላ» ይሉታል፤ ይኸው ቃል የዘር ሐረግ ቅርንጫፍንም ይጠራል። በር ለእነርሱ ቤተሰብ ማለት ነው። እኛም በራችንን እንደዚህ ብናየው መልካም ነው።

በሩ በሕይወታችሁ የሚመጣውን ሁሉ የሚያሳልፍ ይሁን። የሙሽራ መኪና፣ የእድር ድንኳን፣ የታመመ ሰው የተኛበት አልጋ፣ አስከሬንም በዚያ ያልፋል። መኪና የለንም ብላችሁ በጣም አታጥብቡት። ለእግረኛ የተለየ ትንሽ በር ይኑረው፤ ሕፃን ልጅ ትልቁን ብረት ለመክፈት እንዳይታገል። ከደፉ ላይ ከፍ ያለ ብረት አይኑር፤ ለቤት ኅብረት የሚመጡትን አረጋውያንና ዓይነ ስውራን ያሰናክላል። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት እንጂ በመንገደኛ ላይ አይከፈት።

ላሜራው ሳስቶ ማጠፊያው የደከመ በር ከዓመት በኋላ ይዘምማል። ለጌጥ ከምታወጡት ቀንሳችሁ ለማጠፊያውና ለመቀርቀሪያው ጨምሩ። በያጁ ብየዳውን ሲጨርስ በመጀመሪያ ጸረ-ዝገት ቀለም፣ ከዚያ በኋላ የውበቱን ቀለም ይቀባ። ከውስጥ ያለ ቁልፍ መክፈት መቻሉንም አረጋግጡ፤ እሳት ቢነሳ ቁልፍ ፍለጋ ሕይወት ያስከፍላል።

ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ በሮችን አስታውሱ። አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ ተኝቶ ነበር (ሉቃ. 16፥20)። ባለጠጋው የተወቀሰው ደጅ ስላለው አይደለም፤ በደጁ የተኛውን ሰው ስላላየ ነው። በሐዋርያት ሥራ 12 ደግሞ ሮዴ የጴጥሮስን ድምፅ ሰምታ ከደስታ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ተመለሰች፤ በውስጥ ያሉት ስለ እርሱ ይጸልዩ ነበር፣ እርሱ ግን በውጭ ቆሞ ያንኳኳ ነበር። የጸሎታችን መልስ አንዳንድ ጊዜ በራችንን እያንኳኳ ያለ ሰው ነው።

6. ድንበርና ጎረቤት

ከመቆፈራችሁ በፊት ካርታችሁን አውጡና የድንበሩን ችካል ከጎረቤታችሁ ጋር አብራችሁ ተመልከቱ። የድንበር ምልክትን መግፋት በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት ነው (ዘዳ. 19፥14)። በአንድ ክንድ መሬት ተካስሰው ሰላምታ ያቋረጡ አማኞች ሲኖሩ ያሳዝናል፤ ክርስቲያን ቢጠራጠር ወደ ራሱ ይግባ። የጋራውን አጥር ወጪ መካፈል የምትችሉ ከሆነ ተስማሙና ስምምነታችሁን በጽሑፍ አድርጉ። በጓሮ በኩል ለቡና የምትጠራሩባት፣ ፍም የምትቀባበሉባት መሹለኪያ ካለች ደግሞ አትድፈኗት፤ ትንሽ በር አድርጉላት።

ይህን የምለው ስለ ቡና ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት ሻሸመኔ ከባድ ጥፋት ደረሰባት። ሰው ሞተ፤ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ሱቆች ተቃጠሉ። ግንብና ብረት በር ያን እሳት አላቆሙትም። በዚያው ጊዜ ግን ብሔርና ሃይማኖት ሳይለዩ ጎረቤታቸውን ወደ ቤታቸው አስገብተው የሸሸጉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አጥሩን ከፍ ማድረግ አሰበ፤ ፍርሃቱን እረዳለሁ፣ አልነቅፍምም። ነገር ግን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል በዚያ ሳምንት ለብዙዎች የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ግንባችሁን ስታስረዝሙ ጎረቤታችሁ እናንተን ለማዳን የሚገባበትን መንገድ እንዳትዘጉ ተጠንቀቁ። ክርስቶስ በሕዝብ መካከል የነበረውን የጥል ግድግዳ በሥጋው አፍርሷል (ኤፌ. 2፥14)፤ እኛ መልሰን አንገንባው።

7. ለባልና ሚስት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች አንድ ምሽት ልጆች ከተኙ በኋላ አብራችሁ ተወያዩባቸው።

ሀ. አጥር የምንሠራው ለምንድን ነው? ለጥበቃ ነው፣ ለልጆች ደኅንነት ነው ወይስ የእገሌን ግንብ አይተን ነው?

ለ. ባለፈው ወር በበራችን ማን ገባ? ቢመጣልን የምንወደው፣ ግን ያልመጣው ማን ነው?

ሐ. ያለ ብድር ዘንድሮ መሥራት የምንችለው የቱን ያህል ነው?

መ. ድንገት ችግር ቢደርስብን በሌሊት የምንጠራው ጎረቤት ማን ነው? እርሱስ እኛን ይጠራናል?

ሠ. በቤታችን ውስጥ፣ በእኔና በአንተ፣ በእኔና በአንቺ መካከል የቆመ አጥር አለ? መንፈሱን የማይገዛ ሰው ቅጥሯ እንደ ፈረሰ ከተማ ነውና (ምሳ. 25፥28) ቁጣችንን ማን ይጠብቀው?

ሥራው ሲያልቅ ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ፤ «ቤት ለእንቦሳ» ብለው ይግቡ፣ «እንቦሳ እሰሩ» ብላችሁ ተቀበሏቸው። በአዲሱ በራችሁ ላይ እጃችሁን ጭናችሁም ጸልዩ። በሩ ለክፉ የተዘጋ፣ ለተቸገረ የተከፈተ እንዲሆን ጌታን ለምኑት። እግዚአብሔር ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ ይተጋልና (መዝ. 127፥1) ከአጥራችሁ በላይ እርሱ አጥር ይሁናችሁ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።