ጃፓንኛ ትዝታ

አንደኛ ዓመት ሳለን አንድ ምሽት ጓደኛችን ዶርም ውስጥ በሞባይሉ የጃፓን ዘፈን ከፈተ። አንድም ቃል አልገባንም። ግን ሁላችንም ዝም አልን፤ እኔማ (አትሳቁብኝ) ዓይኔን ጠረግሁ። እናቱ ታማበት የነበረው የጋይንቱ ልጅ "ይሄ እኮ የኛ ትዝታ ነው!" አለ።

አልተሳሳተም። ዘፈኑ "ኤንካ" የሚባለው ዓይነት ነው። ጃፓኖች ከ1868 እ.ኤ.አ. በኋላ የምዕራባውያንን ሰባት ድምፆች ሲቀበሉ አራተኛውንና ሰባተኛውን እያስቀሩ መዝፈን ለመዱ። ቅኝቱን "ዮናኑኪ" ይሉታል፤ አራትና ሰባት የወጡለት እንደማለት ነው። በማይነሩ የሚቀሩት አምስት ድምፆች ከኛ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ናቸው። በማግስቱ ክራር የሚጫወት ልጅ አስሞከርን። በትዝታ ማይነር የቃኘውን ክራር አንድ ክር ሳያጠብቅ፣ ሳያላላ ዜማውን አወጣው!

ቅኝት ብቻውን ግን አያስለቅስም፤ በትዝታ ቅኝት እስክስታም ይወረዳል። እንደኔ እንደኔ ዋናው ጉሮሮው ነው። የኤንካ ዘፋኝ ቃሉን ሲጨርስ ድምፁን ያጥፈዋል፣ ያርገበግበዋል፤ "ኮቡሺ" ይባላል። ደብረ ታቦር ጠጅ ቤት ገብቶ አዝማሪ የሰማ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ግጥሙም ቢሆን ያው እናት፣ የትውልድ መንደር፣ መለያየት ነው። እኛ ግን ግጥሙን ስላልሰማነው እያንዳንዳችን የራሳችንን ሞላንበት። የጋይንቱ ልጅ ምን እንደሞላበት አልጠየቅነውም።

ታዋቂዋ ሚሶራ ሂባሪ (1937–1989 እ.ኤ.አ.) በ1966 ያወጣችውን "ካናሺይ ሳኬ"፣ "የሐዘን መጠጥ"፣ መድረክ ላይ ስትዘፍን እንባዋ ይወርድ ነበር። እኔ ያየሁት አዝማሪ ግን ራሱ አያለቅስም። ሰሚውን አስለቅሶ ብሩን ግንባሩ ላይ ያስለጥፋል።