አያካ፦ በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለለው የቬንዙዌላ ገና

የገና ሰሞን ቬንዙዌላ ውስጥ አንድ ቤት ብትገቡ ማዕድ ቤቱ ፋብሪካ ነው የሚመስለው። አንዱ ቅጠል ይወለውላል፣ ሌላው ሊጥ ይዳምጣል፣ ሕፃናቱ ዘቢብ ያቀብላሉ (ግማሹን እየበሉ)፣ ጣቱ የጠነከረው ሲባጎ ያስራል። የሚሠራው አያካ ነው። በአንዴ 50ም 100ም ስለሚዘጋጅ ብቻውን የሚሞክረው ሰው ብዙ አይደለም።

አሠራሩን እንንገራችሁ። መጀመሪያ ጊሶ የሚሉት ወጥ ይሠራል። የበሬ፣ የአሳማና የዶሮ ሥጋ ተከትፎ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከማያቃጥል ቃሪያ ጋር ቀስ ብሎ ይበስላል። ብዙዎች ከዋዜማው ሠርተው ያሳድሩታል፤ ሲያድር ይጣፍጣላ! ሊጡ ደግሞ ከበቆሎ ዱቄትና ከሥጋ መረቅ ይታሻል። ወርቃማ መልኩ የሚመጣው ኦኖቶ የሚባል ቀይ ፍሬ ካቀለመው ስብ ነው። ድሮ በቆሎው ተቀቅሎ መፈጨት ነበረበት፤ ከ1960 ወዲህ ግን ሃሪና ፓን የተባለው የበሰለ ዱቄት ገበያ ላይ ስለወጣ ያ ድካም ቀርቷል።

ከዚያ ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለብ ይደረጋል። ሊጡ በስሱ ይዘረጋበታል፣ መሀሉ ላይ ወጡ ያርፋል፣ ከላይ ዘቢብና የወይራ ፍሬ ጣል ይደረግበታል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሽምብራም ይጨምራሉ። ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ተጠፍሮ፣ 1 ሰዓት ያህል ይቀቀላል። ቅጠሉ አይበላም፣ ጠረኑን ግን ለሊጡ ይሰጠዋል። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ የቀመሰ ሰው ይሄ ይገባዋል። የተረፈው ሊጥና ወጥም አይጣልም፤ ተደባልቆ ቦዮ ይሆናል።

የማን ይጣፍጣል ብላችሁ ከጠየቃችሁ ክርክር ነው። መልሱ ሁሌም «የእናቴ» ነው፤ እኛ በዶሮ ወጥ እንደምንከራከረው ማለት ነው።

ችግሩ እናትና ልጅ አንድ ቤት አለመኖራቸው ነው። በ2018 የአገሪቱ ዋጋ ንረት፣ ራሱ ማዕከላዊ ባንኩ እንዳመነው፣ ከ130,000 በመቶ አልፎ ነበር። ሦስት ዓይነት ሥጋ፣ የወይራ ፍሬ፣ ዘቢብ... ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ሆነ። አንዳንዱ ብዛቱን ቀነሰ፣ አንዳንዱ ከዘመድ ጋር አዋጣ። ባለፉት ዓመታት ከ7 ሚሊዮን በላይ ቬንዙዌላውያን ተሰደዋል፤ ቦጎታ፣ ሊማ፣ ሳንቲያጎ፣ ማድሪድ፣ ማያሚ። ታኅሣሥ ሲገባ እዚያም ጓደኛና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሥራ ተከፋፍሎ ሲባጎውን ያስራል። ማድሪድ ላሉት ቅጠሉ ከጓሮ አይቆረጥም፤ በፌስታል ታሽጎ ከሱቅ ፍሪዘር ይገዛል።